በማንኪያ የተከፈተው በር

እናቴን የማላውቃት ጠፍታብኝ አይደለም፤ በዝታብኝ ነው። ሌላው ሰው አንዲት እናት አለችው፣ እሷንም ሲያማርር ይኖራል። እኔ ባደግኩበት ቤት ግን እናት በየሰኞው ትቀየር ነበር። ሰኞ ጠዋት ደወል ይደወላል፣ ያለፈው ሳምንት እናት ከአልጋችን አጠገብ ተነስታ ትወጣለች፣ አዲሷ ትገባለች፣ እኛም ተሰልፈን በአንድ ድምፅ «እንደምን አደርሽ እማዬ» እንላለን። አንዷ ፀጉር ስታበጥር ታሳምማለች፣ አንዷ ታንኮራፋለች፣ አንዷ ደግሞ ተረት ጀምራ ሳትጨርስ ሳምንቷ ያልቅባታል። ግማሽ ግማሽ ተረት በሆዴ ይዤ ነው ያደግኩት። ተኩላው በር አንኳኩቶ ከገባ በኋላ የፍየሏን ግልገሎች በላ ወይስ አልበላ፣ ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላም አላውቅም ነበር።

«ቤቱ» ነበር የምንለው። ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ የድንጋይ ፎቅ ነው። ለማስፈራሪያ የተሠራ ይመስላል እንጂ ለመኖሪያ ማን እንዲያ ያለ ነገር ይሠራል? ኮሪደሩ ቀትር ላይም ጨለማ ነው፣ ደረጃው ማንም ሳይረግጠው ይንቋቋል፣ መስተዋቶቹ ሁሉ በጨርቅ ተሸፍነዋል። የራሱን ፊት የለመደ ሰው የሌላውንም ለይቶ መውደዱ አይቀርም ተብሎ ነው። ይህን ሁሉ ያወጣው ታላቅየው የምንለው ሰውዬ ነበር። ታላቅየው ቤቱን ከማቋቋሙ በፊት በየቢሮው እየዞረ የኢንሹራንስ ውል ያስፈርም ነበር አሉ፤ ድምፁን ብትሰሙት እናንተም ትፈርሙ ነበር። ትምህርቱ አጭር ነው፤ አንድን ሰው ለይቶ መውደድ ከሌላው መስረቅ ነው። ስለዚህ የወለደች ሴት ልጇን ሳትለምደው ታስረክባለች፣ ሕፃናቱ ተደባልቀው ያድጋሉ፣ ማን ከማን እንደተወለደ ማንም አያውቅም። እሱ ራሱ ግን አንዲት ድመት ነበረችው። ያቺን ድመት ለይቶ ይወዳት እንደነበር ያላየ የለም፤ የተናገረም የለም።

ከሴቶቹ ሁሉ የሳምንት እናት ሆና የማታውቅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ባለቁልፏ። ረጅም፣ ጥቁር ለባሽ፣ ፈገግታ ፊቷ ላይ ቦታ ያጣባት ሴት ናት። ወገቧ ላይ የብረት ቀለበት አለ፣ ቀለበቱ ላይ የቤቱ በሮች ሁሉ ቁልፎች። በር የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ነበረች። እኛ ልጆቹ በር ፊት ስንደርስ እጃችንን ወደኋላ አድርገን ቆመን እንጠብቃለን። እሷ መጥታ ትከፍታለች፣ እናልፋለን፣ ትቆልፋለች፣ ከቆለፈችም በኋላ እጀታውን ሁለቴ ሳብ ሳብ ታደርግና በመዳፏ አንዴ መታ ታደርገዋለች። መብራት ከጠፋ በኋላ ያ የቁልፍ ቅጭልጭልታ በኮሪደሩ እየቀረበ ይመጣና መኝታ ቤታችን በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዝም ብሎ ይቆያል። ከዚያ አንዴ ቅጭል ብሎ ይሄዳል። በዚያች ቅጭል ብርድ ልብስ ውስጥ ያልተሸጎጠ ልጅ አልነበረም፤ እኔ እንዲያውም ከፍራሹ ሥር ብገባ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ሳቁብኝ፤ አድጌ የሆንኩት ቁልፍ ሰሪ ነው። ሱቄ ከአውቶቡስ ፌርማታ ፊት ለፊት ናት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅባት። ስሟ «ማንኪያ ቁልፍ ቤት» ይባላል። ብረት ከማስርበት ሞርሳ በላይ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተሰቅሏል። ደንበኛ ሁሉ ይጠይቃል፣ እኔም ለመናገር ልመና አልፈልግም። በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከምሳ በኋላ በሚታወጀው የዝምታ ሰዓት፣ ሁሉም በየክፍሉ ዐይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለውን የጓሮ በር በዚህ ማንኪያ እጀታ ፈልፍዬ ከፍቼ ያመለጥኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ከዚያ ቤት ማንም ሳይረዳኝ፣ በገዛ እጄ ወጣሁ።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ አፉ አያርፍም። ከፊት ወንበር ለተቀመጠ መንገደኛ ሁሉ የሚስቱን የማንኪያ ታሪክ ሳይነግር አያወርድም። ልጃችን ደግሞ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ዳኛ ነው የምንላት። ፍርድ ሳትሰጥበት የምታልፈው ነገር የለም፤ ካልሲ ቢጠፋ ጥፋተኛውን እሷ ታውቃለች፣ አባቷና እኔ ብንጨቃጨቅ ውሳኔው ከእሷ ይወጣል፣ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ለእሷ ማንኪያው ተረት ነው። ባለቁልፏን ጠንቋይ አድርጌ፣ ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች በጨለማ ኮሪደር ስትመጣ በድምፄ እያስመሰልኩ ስነግራት ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ «ድገሚው» ትላለች።

በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ግን የማይስቅ ነገር ነበረኝ። የወለድኩ ሰሞን፣ የመጀመሪያው ሰኞ ሲደርስ፣ ባሌ ከሥራ ሲመለስ ያገኘኝ ሕፃኗን አቅፌ፣ በአንድ እጄ ጫማ ይዤ፣ የቤታችን በር ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጫማው ለምንድን ነው ቢለኝ ሊወስዷት የሚመጣውን ልመታበት ነው አልኩት። ማን ነው የሚመጣው አለ። ሰኞ ነዋ፣ አልኩት። ሌላ ወንድ ቢሆን ሐኪም ይጠራ ነበር። የኔው ሰውዬ ግን ሌላኛውን ጫማ አነሳና አጠገቤ ቁጭ አለ። እስኪመሽ ጠበቅን። የመጣው ጎረቤታችን ብቻ ነበር፣ ለአራስ ብሎ ሾርባ ይዞ፤ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ታላቅየው ከሞተ ሰንብቷል። እንደማንኛውም ሰው ጉንፋን ይዞት፣ ጉንፋኑ ወደ ሳንባው ወርዶበት ነው የሞተው። ተከታዮቹ ይነሳል ብለው ትንሽ ጠበቁ፣ እንደማይነሳ ሲገባቸው በየፊናቸው ተበተኑ። ይህን ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ፤ ጎሽ ብዬም ቅጠሉን ገልጬ ወደ ስፖርቱ አልፌያለሁ። ፍርሃቴ ግን ጋዜጣ አያነብም ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሞርሳው ላይ አጎንብሼ ቁልፍ ስሞርድ ከበሩ በኩል ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲጋጭ የምሰማ ሴት ነኝ፤ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉት ሁሉ ይንጫጫሉ። ያቺን ቅጭል ግን ለየኋት፣ ጠጉሬ ቆመ። ቀና ስል ባለቁልፏ ደፉ ላይ ቆማለች።

አርጅታለች። ያ ቁመቷ ጎብጧል፣ ጥቁሩ ልብሷ በእጥበት ብዛት ወደ ግራጫ ሄዷል፣ ከበድ ያለ የሸራ ቦርሳ በትከሻዋ አንጠልጥላለች። ይግቡ እንኳ አላልኳትም። እሷም አልገባችም። እጇን ብቻ ዘርግታ ባንኮኒው ላይ አንድ ቁልፍ አስቀመጠች።

«እንደዚህ ያለ ሥሪልኝ» አለች።

ቁልፉን አወቅኩት። ረጅም፣ ራሱ የቀለበት ቅርጽ ያለው፣ የጥንት የብረት ቁልፍ ነው፤ የጓሮው በር። ለዚህ ዓይነቱ የተዘጋጀ ጥሬ ቁልፍ ገበያ ላይ የለም፣ ከብረት ቆርጬ መሞረድ አለብኝ፣ ጊዜ ይወስዳል እያልኩ ቀባጠርኩ። ግድ የለም፣ እመላለሳለሁ አለችና ወጣች። ስትወጣ በሬን ከኋላዋ ዘጋችው። እጀታውን ሁለቴ ሳብ ሳብ፣ በመዳፏ መታ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጣች። አትገባም፣ ፊት ለፊት ፌርማታው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ትልና ሱቄን ታያለች። አውቶቡስ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሷ አትሳፈርም። እኔም በመስኮቱ አሾልቄ አያታለሁ። ለምን መጣች? መልሱን ለማግኘት ብዙ አልቆየሁም። በቤቱ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላት ከሕፃናት ክፍል ትወጣለች፣ ግራጫ ልብስ ትለብሳለች፣ ወደ ትልልቆቹ ትዛወራለች። የሚያዛውራትም ባለቁልፏ ናት። የኔዋ ዳኛ ስድስት ከሞላት ገና ቅርቧ ነው። ነገሩን ሳገጣጥመው ገባኝ፤ ልጄን ልትወስድ ነው የመጣችው።

ሌላ ሰው ፖሊስ ይጠራል። እኔ ሙያዬን ጠራሁ። በቤታችን በር ላይ አንድ ቁልፍ ነበር፣ ሁለተኛ ጨመርኩ። እሱም ሌሊቱን አላስተኛኝም፣ ሦስተኛ ጨመርኩ። ከዚያ ከውስጥ መቀርቀሪያ፣ ከመቀርቀሪያው ላይ ሰንሰለት። በመጨረሻ በሩ ላይ ያለው ብረት ከበሩ ይበልጥ ነበር። ዳኛ ግቢ ወርዳ እንዳትጫወት ከለከልኩ፣ መስኮት እንዳትከፍት ከለከልኩ። ባሌ አንድ ቀን ሥራ ጨርሶ ሲመጣ የአዲሱን ቁልፍ ቅጂ አልሰጠሁትም ኖሮ እኔ ከሱቅ እስክመለስ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ለምሳ የያዘውን ዳቦ ለእራት ሲበላ አገኘሁት። አልተቆጣም። ሴትዮዋን ለምን ምን ፈለጉ ብለሽ አትጠይቂያትም አለኝ ብቻ። በዚያ ቤት ጥያቄ አይጠየቅም ብዬ መለስኩለት። እኛ አሁን በዚያ ቤት ነን እንዴ ሲለኝ ጆሮዬን ደፍኜ መቀርቀሪያውን ዘይት ቀባሁ።

በዚያው ምሽት ከእራት በኋላ በሩን እየቆላለፍኩ ሳለ ዳኛ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየች። ብሩሹን አወጣች።

«እማዬ፣ ባለቁልፏኮ አንቺ ነሽ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሄዳ አፏን ተጉመጠመጠች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ወገቤን ባይ፣ ቀበቶዬ ላይ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ሦስት ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። ከዚያ ቤት ያወጣሁት ማንኪያ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ልጄን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ቀደም ብዬ ሄድኩ፤ የከለከልኳትን ሁሉ ልተውላት፣ ግቢ አውርጄ አብሬያት ልጫወት ለራሴ ቃል ገብቼ። ዘበኛው ዛሬ ቀድመው ተለቀቁ፣ የእርስዎዋ ከአያቷ ጋር ሄደች አለኝ። አያቷ ማለት የባሌ እናት ናት፣ የምትኖረው በአውቶቡስ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ከተማ ነው፣ ጉልበቷንም ስለሚያማት ከቤቷ ከወጣች ዓመት አልፏታል። የትኛዋ አያት አልኩት። ረጅሟ፣ ጥቁር የለበሰችው፣ ልጅቷ ራሷ አያቴ ናት አለችኝኮ አለ።

እግሬ አውጪኝ አልኩ። በዳቦ ቤቱ በኩል ስታጠፍ የአንድ ጫማዬ ተረከዝ ተሰበረ፣ አውልቄ በእጄ ይዤ በአንድ እግር ጫማ በአንድ እግር ካልሲ ሮጥኩ። ሰው መንገድ ይለቅልኛል። ፍራፍሬ የሚሸጠው ሰውዬ ሌባ የማባርር መስሎት ይሆናል፣ አብሮኝ ትንሽ ሮጠ። ያቺ ስድስት ዓመት የጠበቅኳት ሰኞ ደረሰች እያልኩ ነበር በሆዴ፤ ቀኑ ሰኞ እንዳልሆነ ትዝ አላለኝም። ልጄን ወደ ኮረብታው ወስደዋት፣ ፀጉሯን የሚያሳምም ሰው ሲያበጥራት፣ ተረቷ ሲቋረጥባት ታየኝ። አልቅሼ እሮጣለሁ፣ ሮጬ አለቅሳለሁ።

ሱቄ ጋ ስደርስ ሁለቱ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሸራው ቦርሳ ተከፍቷል። ባለቁልፏ ጉልበት ላይ ከበር የተነቀለ ትልቅ የዛገ ሰረገላ ቁልፍ፣ እጀታው እንኳ ያልወለቀ፣ ተቀምጧል፤ ዳኛ ደግሞ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ አውጥታ፣ በምሳ ዕቃዋ ማንኪያ ቀዳዳውን ትፈለፍላለች።

«እማዬ፣ እምቢ አለኝ» አለችኝ ቀና ሳትል።

ልጄን ብድግ አድርጌ አቀፍኳት፣ ጫማዬን በባለቁልፏ ላይ አነሳሁ። ሴትዮዋ ጫማውን አየት አደረገችው።

«ተረከዙ ይሠራል፣ አትጣይው» አለች።

ልጄን አይወስዷትም አልኳት። የት እወስዳታለሁ አለች፤ ቀድመው ሲለቋት አይቼ ወደ አንቺው አመጣኋት፤ ቤቱ ፈርሷል፣ አፍራሾቹ የጓሮውን በር ሲነቅሉት ለምኛቸው ይህን ሰረገላ ቁልፍ ከነመክፈቻው ሰጡኝ። ወደ ዳኛ ዞርኩና ለምን አያቴ ናት ብለሽ ዋሸሽ አልኳት። አልዋሸሁም አለች። ሴትዮዋ የትምህርት ቤቱን በር ከኋላዋ ስትዘጋ አይታታለች፤ ልክ እንደኔ ነው የምትዘጋው፣ ሁለቴ ሳብ ሳብ፣ አንዴ መታ። እኔ እንዲያ አላደርግም አልኩ። «በየቀኑ» አለች ዳኛ፣ ነገሩን ዘጋችው።

ሱቁን ከፍቼ አስገባኋቸው። ለምን እንዳስገባኋት አላውቅም፤ ሰረገላ ቁልፍ ያየ ቁልፍ ሰሪ ስለሆንኩ ይሆናል። ሞርሳው ላይ አሰርኩት። ባለቁልፏ በራሷ ቁልፍ አዙራ ቆለፈችው፣ የብረቱ ምላስ ወጣ። ከዚያ እስቲ ክፈቺው አለችኝ። ፍሬሙን ከግድግዳው አውርጄ ማንኪያዬን አወጣሁ። ደንበኞቼ ሁሉ የሚያደንቁትን፣ ባሌ በከተማው ሁሉ ያወራለትን ማንኪያ። ገና ሳስገባው እውነቱን አውቄዋለሁ። ሙያውን የተማርኩ ሰሞን ለጌታዬ ለቁልፍ ሰሪው ይህን ታሪክ ስነግረው ሳቁ አንቆት ውሃ ጠጥቶ ነበር። በማንኪያ ሾርባ እንጂ ሰረገላ ቁልፍ አይጨለፍም፣ ውስጡ ያሉት ብረቶች ሁሉም እኩል ካልተነሱ ምላሱ አይንቀሳቀስም አለኝ። ገብቶኛል። ስንቱን ሰረገላ ቁልፍ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ያንን የጓሮ በር ቁልፍ በልቤ ከሌሎቹ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ፤ እሱ ተከፍቷልና። ማንኪያው በእጄ ላይ ታጠፈ።

«ታዲያ እንዴት ተከፈተልኝ?»

«አልተቆለፈም ነበር» አለች ባለቁልፏ።

አውቶቡስ አለፈ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ቁልፎች ተንጫጩ። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ የዝምታው ሰዓት ሲገባ፣ የጓሮውን በር ቁልፍ ትፈታና ከዱቄቱ መደርደሪያ ጀርባ ቆማ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ሲያበቃ ተመልሳ ትቆልፋለች። እኔ በወጥ ቤቱ ተራዬ በየቀኑ በዚያ በር ፊት አልፋለሁ። አንድም ቀን አልነካሁትም። ለምን እነካዋለሁ? በዚያ ቤት በር የሚገፋ ልጅ አልነበረም። በር ማለት ለእኛ ቆመው የሚጠብቁት ነገር ነው፤ ክፍት ይሆን እንዴ ብሎ መሞከር ለአንዳችንም ታስቦን አያውቅም። በመጨረሻ ልብ አግኝቼ ላመልጥ ስነሳ እንኳ ሄጄ ማንኪያ ሰረቅኩ።

«ነፍሴ ልትወጣ ነበር» አለች። «ያንን የተከፈተ በር ተንበርክከሽ ትፈለፍያለሽ፣ ትፈለፍያለሽ። እኔ በሆዴ ግፊው፣ አንቺ ልጅ፣ ግፊው እላለሁ። ኋላ ደክሞሽ ስትነሺ ክርንሽ እጀታውን ተጫነው። ወጣሽ።»

ዳኛ ሳቀች። እኔም መሳቅ ጀምሬ መሃል ላይ አላስጨረሰኝም። ለምን በአንድ ቃል አልነገሩኝም አልኳት። ብነግርሽ ትናገሪብኝ ነበር፣ ጎበዝ ልጅ ነበርሽ አለች። እውነቷን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተነሳን ማን ምን እንዳለ የምንናገርበት ሰዓት ነበረን፣ አጥርቶ ለተናገረ ስኳር ይሰጠዋል። እኔ ብዙ ስኳር የበላሁ ልጅ ነኝ።

«ለምን ለእኔ?» አልኳት። ይህን ስጠይቅ መልሱን አውቄው ነበር።

«ሕፃናት ሳላችሁ ሲደባልቋችሁ የክፍሉን በር የምቆልፈው እኔ ነበርኩ። ዐይኔን ከአንቺ ላይ አላነሳሁም።»

«አንድ ሳምንት እንኳ እናት አልሆኑኝም።»

«አንድ ሳምንት ምን ያደርግልኛል? እናት በየሰኞው ትቀየራለች። ቁልፍ ያዥ አትቀየርም።»

እጆቿን አየኋቸው። ጣቶቿ በእጥበት የተሸበሸቡ፣ ጥፍሮቿ ያለቁ። ከወጣሁ በኋላ ቁልፉን ቀምተው ዕቃ ማጠቢያ እንዳስገቧት ነገረችኝ፣ ታላቅየው እስኪሞት። ማንኪያዎቹን በቆጠረች ቁጥር አንድ ይጎድላል፤ ደስ ይላት ነበር። ይህን ስትል የታጠፈውን ማንኪያ ከሞርሳው ላይ አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው። በየማታው በራችን ላይ የሚቆሙት ለምን ነበር፣ ያቺ ቅጭል ምን ነበረች ብዬ ጠየቅኳት። ደህና እደሪ ነበር አለች። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸጉጬ የተንቀጠቀጥኩበት ድምፅ ለካ ደህና እደሪ ኖሯል። አለቀስኩ። ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ ትሁን አትሁን ማረጋገጫ የለኝም፣ አልፈለግኩምም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከዱቄት መደርደሪያ ጀርባ የቆመልኝ ሌላ ሰው የለም። ዳኛ ጀርባዬን እያሻሸች ለባለቁልፏ ውሳኔዋን አሳወቀቻት። «ቤት ትመጫለሽ።»

እንዲያ ሆኖ ቤት መጣች። ባሌ ሲያያት ክው አለ። አውቶቡሱ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የማንኪያውን ታሪክ ሲነግራት፣ ደግሞ ንገረኝ ብላው፣ ሱቁ የትኛው ፌርማታ ነው ብላ የጠየቀችው እሷ ኖራለች። አፉ ባለማረፉ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ፤ በዚያ ምሽት ግንባሩን ሳምኩት። ለመሆኑ ቁልፉን ማስቀረጽ ለምን አስፈለገዎት ብሎ ጠየቃት። ቁልፍ ሰሪ ቤት ሌላ ምን ይዤ እገባለሁ አለች። የሱቁን ስም እንቀይረው ይሆን እንዴ ሲለኝ ስሙም አይቀየርም፣ ማንኪያውንም እንደታጠፈ መልሼ እሰቅለዋለሁ አልኩት። ማታውኑ ካቻቢቴ አምጥቼ ከበራችን ላይ ሁለቱን አዳዲስ ቁልፎች፣ መቀርቀሪያውንና ሰንሰለቱን ፈታሁ።

ሳሎን ሶፋው ላይ አነጠፍንላት። ጠባይዋ አልተለወጠም፤ አትስቅም፣ ብዙ አታወራም። ዳኛ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ቀድማ ደርሳ በሩን ትከፍትላታለች፣ ባሌንም እንዲሁ፣ እሱም ሰፈር የሚያውቀው ሹም የሆነ ይመስል እየተጎማለለ ይገባል። እኔ እርስዎ እያልኩ ሳህን አቀርብላታለሁ። ምን ብዬ እንደምጠራት ግን ቸገረኝ። እማዬ የሚለውን ቃል ለስንቷ ብዬዋለሁ፤ ለአንኮራፊዋም፣ ለፀጉር ነቃይዋም። በዚያ ቤት ከነበሩት ሴቶች ሁሉ እማዬ ያላልኳት እሷን ብቻ ነው። ስለዚህ በስም ሳልጠራት፣ ስፈልጋት ወዳለችበት እየሄድኩ፣ ሳምንቱ አለፈ።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ዳኛን ስታስተኛት ከወጥ ቤት ሰማኋት። ተረት ትነግራታለች፤ የተኩላውንና የፍየሏን ግልገሎች። እጄ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። በዚያ ቤት ሁሉም ተረት በአንዷ አፍ ተጀምሮ ይቋረጥ ነበር፤ ባለቁልፏ ግን በየክፍሉ በር ጀርባ ቆማ ሁሉንም ስትሰማ ኖራ የአንዱን ክፍል መጀመሪያ ከሌላው ክፍል መጨረሻ ገጥማዋለች። ተኩላው አልበላቸውም። ትንሿ ግልገል በትልቁ የግድግዳ ሰዓት ሳጥን ውስጥ ተደብቃ እናቷ ስትመለስ ሁሉንም ነገረቻት። ዳኛ የግልገሏን ብልኅነት አጸደቀች። እኔም ሳህኑን አጥቤ ጨረስኩ፣ አፍንጫዬን በክንዴ እየጠረግኩ።

ከዚያ ሰኞ ደረሰ። እኔ ሰኞ ሰኞ ያለ ደወል ነው የምነቃው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ገና ሳይነጋጋ ተነስቼ ሳሎን ስገባ ሶፋው ላይ ማንም የለም። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ፣ ትራሱ ከላዩ ተቀምጧል። ወደ በሩ ስዞር አየኋት። ካፖርቷን ለብሳ፣ እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ የሸራውን ቦርሳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልጄን አቅፌ ጫማ ይዤ በተቀመጥኩበት በዚያው ወንበር፣ በሩ ሥር ቁጭ ብላለች። በሩ አልተቆለፈም። አልገፋችውም።

የት ሊሄዱ ነው አልኳት።

«ሳምንቴን ጨረስኩ» አለች። «ጥሩ ሳምንት ነበር።»

ዐይኗ ውስጥ ቅሬታ የለም። ልጅ የተሰጣት፣ ተራዋን የተወጣች፣ ለሚቀጥለው ለማስረከብ የተዘጋጀች ሴት ናት። በሕይወቷ አንዲት ሳምንት ደርሳት እሷንም በሥርዓቱ ጨረሰች። ዳኛ ዐይኗን እያሸች ከኋላዬ መጣች፣ ካፖርቱን አየች፣ ቦርሳውን አየች፣ አንዳች ፍርድ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ። ይህቺ ፍርድ የእኔ ነበረች።

አሮጊቷ ፊት ሄጄ ቆምኩ። እጄን ወደኋላ አደረግኩ፣ ያኔ ተሰልፈን እንደምናደርገው፣ በየሰኞው ጠዋት ለምትገባው አዲስ እናት።

«እንደምን አደርሽ፣ እማዬ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳውን ከጉልበቷ ላይ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ የካፖርቷንም ቁልፎች ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ መፍታት ያዘች።